የአጸደ ሕፃናት የሳምንት ዕቅድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከ3 እስከ 6 ዓመት ያሉ ልጆችን ለሚያስተምሩ፣ በመዋለ ሕፃናትም ሆነ በ"ኦ ክፍል" (ከአንደኛ ክፍል በፊት ባለው ዓመት) ላሉ መምህራንና ረዳቶች የተዘጋጀ ነው። ሰዓቱ ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ነው፤ 2:30 ሲባል ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ማለት ነው።

የዓመት ዕቅድ አለን፣ የዕለት ዕቅድም አለን። የሳምንቱ ለምን አስፈለገ?

የዓመቱ ዕቅድ ከሩቅ ነው የሚያየው፤ የዕለቱ ደግሞ ከአፍንጫው አርቆ አያይም። ትንሽ ልጅ ነገር የሚይዘው በድግግሞሽ ነው። ሰኞ ያየውን ማክሰኞ ይነካዋል፣ ረቡዕ ያወራዋል፣ ሐሙስ ለጓደኛው ያሳያል፣ አርብ ቤቱ ሄዶ ለእናቱ ይነግራታል። ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ማድረግ አይቻልም፤ አንድ ወር ከተጎተተ ደግሞ ይሰለቻል። ሳምንት ልክ ነው።

ልጅ ለበዛበት ክፍል ሌላም ጥቅም አለው፦ አምስት ቀን ማለት አምስት ቡድን ማለት ነው። ስለ ትልልቅ ክፍሎች ስንደርስ እንመለስበታለን።

ዕቅዱ መቼ ይጻፍ? ስንት ሰዓትስ ይፈጃል?

አርብ፣ ልጆቹ እንደወጡ፣ ክፍሉ ሳይጠረግ። ወለሉ ላይ የቀረው ነገር ራሱ ይናገራል። የትኛው ጥግ እንደተጫወቱበት፣ የትኛው ዕቃ ሳምንቱን ሙሉ ከቦታው እንዳልተነሳ በዓይን ይታያል። እሑድ ማታ የሚጻፍ ዕቅድ አብዛኛውን ጊዜ ካለፈው ዓመት ደብተር የሚገለበጥ ነው፤ ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይበቃል። ከዚያ ውስጥ የመጀመሪያውን 10 ደቂቃ ወደ ኋላ ለማየት አውሉት። እነማን ምን ያዙ? እነማን ጭራሽ አልተነኩም? የትኛው ጨዋታ ነው "ነገም እንጫወት" የተባለው? መልሱ የመጪውን ሳምንት ግማሽ ያቅድላችኋል። ረዳት ካለች አብራ ትቀመጥ፤ መምህርቷ ምንጣፉ ላይ ሳለች በር ላይ የምታለቅሰውን ልጅ ያየችው ረዳቷ ናት።

ገጹ ላይ ምን ምን ይሰፍራል?

አንድ ገጽ ይበቃል፤ ሁለት ገጽ ከሆነ ማንም አያነበውም፣ የጻፈችውም ጭምር። የሳምንቱ ጭብጥ፣ ከሦስት ያልበለጡ ዓላማዎች፣ ከ5 እስከ 8 አዳዲስ ቃላት፣ ለየቀኑ አንድ ዋና ሥራ፣ የሚያስፈልግ ዕቃ ከነብዛቱ፣ ከቤት የሚመጣ ካለ ማን እንደሚያመጣው። ከታች ደግሞ የገጹ ሩብ ባዶ ይተው። ያ ባዶ ቦታ የሚሞላው በሳምንቱ ውስጥ በታየው ነገር ነው።

ብዙ ዕቅድ የሚበላሸው ዓላማው ላይ ነው። "ልጆች ስለ ውሃ ይገነዘባሉ" ተብሎ ይጻፋል። መገንዘባቸውን ግን በምን እናውቃለን? "ከአምስት ዕቃ ውስጥ የሚሰምጠውንና የሚንሳፈፈውን ለይቶ ያስቀምጣል" ከተባለ ግን ቆሞ ማየት ይቻላል። ቀላሉ መመዘኛ ይህ ነው፦ ዓላማውን ያነበበች ሌላ መምህርት ክፍላችሁ ገብታ ተሳክቷል ወይም አልተሳካም ማለት ከቻለች ደህና ተጽፏል።

ጭብጥ እንዴት እንምረጥ?

ልጁ ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ በእግሩ ሲመጣ ከሚያየው ነገር ጀምሩ፦ ገበያ፣ ዝናብ፣ ታክሲ፣ ዶሮ፣ ጫማ ሠሪ፣ እህል። ዳይኖሰርና የበረዶ ድብ ሥዕላቸው ስለሚያምር ብቻ ሲመረጡ እናያለን። ችግሩ ልጁ ሊነካቸው፣ ሊያሸታቸው፣ ስለ እነሱ አያቱን ሊጠይቅ አለመቻሉ ነው። ጭብጥ ስትመርጡ "ቢያንስ አራት እውነተኛ ዕቃ ክፍል ውስጥ ላመጣ እችላለሁ ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ካልቻላችሁ ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

በዓላትን አስቀድማችሁ ካላንደሩ ላይ አስቀምጡ። መስቀል መስከረም 17፣ ጥምቀት ጥር 11 ነው። የኢድ በዓላትና መውሊድ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ስለሚቀድሙ አዲስ መታየት አለባቸው። በበዓል ሳምንት አዲስ ፊደል አይጀመርም፤ ልቡ በግ ላይ ካለ ልጅ ጋር አትታገሉ፤ በጉን ራሱን ጭብጥ አድርጉት። ምግብ ያለበት ሥራ ካቀዳችሁ ደግሞ ረቡዕና አርብ፣ በጾም ወራትም፣ ወተትና እንቁላል አታስገቡ፤ አንዱ ቀምሶ ሌላው ሲከለከል የሚመጣውን ለቅሶ ማባበል ከባድ ነው።

አንድ ሙሉ ሳምንት በምሳሌ ማየት እንችላለን?

"ሊጥና እንጀራ" የሚለውን ጭብጥ እንውሰድ። የመረጥነው ለወግ ብቻ አይደለም። የጤፍ ሊጥ ለመጋገር እስኪደርስ ሦስት ቀን ገደማ ይፈልጋል፤ ማለትም ሊጡ ራሱ የሳምንት ዕቅድ ይዞ ይመጣል።

ሰኞ፦ 2 ብርጭቆ የጤፍ ዱቄት፣ 2 ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ኤርሾ። ዕቃው የሚያሳይ፣ ቢያንስ 2 ሊትር የሚይዝ፣ ሰፊ አፍ ያለው ማሰሮ ይሁን፤ ፕላስቲክ ቢሆን ይመረጣል፤ ብርጭቆ ከሆነ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ። አራት ልጆች ዱቄቱን ግማሽ ግማሽ ብርጭቆ፣ ሌሎች አራት ውሃውን ግማሽ ግማሽ ብርጭቆ ይጨምራሉ። ደረቁን ዱቄት ሁሉም በጣቱ ይንካ፣ ያሽትት። ከተቦካ በኋላ የሊጡ ከፍታ ላይ ወረቀት ፕላስተር ይለጠፍና "ሰኞ" ተብሎ ይጻፍበት።

ማክሰኞ፦ ጠዋት እንደገቡ መጀመሪያ ወደ ማሰሮው። ኩፍ ብሏል ወይስ አላለም? አዲስ ፕላስተር ይለጠፋል። በሁለቱ ፕላስተሮች መካከል ስንት ጣት ይገባል? ይህ ልኬት ነው፤ ሒሳብ ሲባል ሌላ ነገር መፈለግ አያስፈልግም። አረፋው ይታያል፣ ሽታው ተለውጧል፤ "ኮመጠጠ" የሚለው ቃል የሚገባው እዚህ ነው።

ረቡዕ፦ ሊጡ ዝቅ ብሎ ከላይ ቢጫ ውሃ ያቆራል። ልጆቹ "ተበላሸ" ይላሉ። አትቸኩሉ፤ ለምን መሰላችሁ ብላችሁ ጠይቁና የሚሉትን ቃል በቃል ጻፉ። በዚያው ቀን ጠረጴዛ ላይ የጨዋታ ሊጥ ይቀርባል፦ 2 ብርጭቆ የስንዴ ዱቄት፣ 1 ብርጭቆ ጨው፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ከሦስት ሩብ እስከ 1 ብርጭቆ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ። በተከደነ ዕቃ አንድ ሳምንት ይቆያል። ጨው ስለበዛበት እንዳይውጡት አንድ ትልቅ ሰው አጠገባቸው ይሁን።

ሐሙስ፦ ቢጫው ውሃ ይቀዳል፣ ከፊሉም ለሚቀጥለው ጊዜ ኤርሾ ሆኖ ይቀመጣል። ጠዋት 2:00 ላይ፣ ልጆቹ ሳይመጡ፣ ከሊጡ አንድ ሲኒ ተወስዶ በሦስት ሲኒ የፈላ ውሃ ላይ እየተማሰለ አብሲት ይሠራል፤ ለብ ሲል ወደ ሊጡ ይመለሳል። 4:00 ገደማ እንደገና ኩፍ ይላል። አሁን ይጋገራል፤ ግን ትልቅ እንጀራ ሳይሆን እንጎቻ። ከዚህ ልክ ከ8 እስከ 10 ትንንሽ እንጎቻ ይወጣል፤ ለሁለት ለሦስት ሲከፈል 25 ልጅ ይቀምሳል። ምጣዱ ከልጆቹ ቢያንስ ሁለት ሜትር ይራቅ፣ መሬት ላይ በኖራ መስመር ይሰመር፣ ኤሌክትሪክ ከሆነ ሽቦው በእግር መንገድ ላይ አይለፍ። ይህን ማሟላት ካልተቻለ ወጥ ቤት ተጋግሮ ይምጣ፤ ልጆቹ የሚፈልጉት አክንባሎው ሲነሳ የሚወጣውን እንፋሎትና በእንጀራው ላይ የሚከፈተውን ዓይን ማየት ነው።

አርብ፦ አዲስ ነገር የለም። ሳምንቱን በአራት ካርድ ሥዕል በቅደም ተከተል ያስቀምጣሉ፦ ዱቄት፣ አረፋ፣ ምጣድ፣ እንጎቻ። እቃ እቃ ጥግ ላይ ደግሞ የሰፌድ ቁራጭና አሮጌ ክዳን ብታስቀምጡ ምን ያህል እንደያዙ ከወሬያቸው ትሰማላችሁ።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ነገር ይህ ነው። ማሰሮው ከግማሽ በላይ ከተሞላ ማክሰኞ ሌሊት ይገነፍላል፤ ከሥር ሰሃን ይደረግ። ክዳኑ ጠብቆ ከተዘጋ አየሩ ይታፈንና ሊፈነዳ ይችላል፤ በስስ ጨርቅ ብቻ ይሸፈን። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ብርድ አገር ረቡዕም ምንም ላይታይ ይችላል፤ መጋገሩ ወደ አርብ ይገፋል። በድሬዳዋና በጋምቤላ ሙቀት ደግሞ ረቡዕ ጠዋት ይደርሳል፤ ወደ ፊት ይሳባል። ኤርሾውን አርብ ላይ ከአንድ ወላጅ መጠየቅ ከተረሳ ሰኞ መጀመር አይቻልም። ለዚህ ነው "ማን ያመጣል" የሚለው ረድፍ ዕቅዱ ላይ ያለው።

የቀኑ ሰዓት እንዴት ይከፈል?

ለግማሽ ቀን ክፍል የሚሠራ አከፋፈል፦

2:15–2:40 መግቢያ፣ ጠረጴዛ ላይ ቀላል ጨዋታ
2:40–2:55 ምንጣፍ ላይ በክብ መቀመጥ
2:55–3:45 በየጥጉ ጨዋታና የመምህርቷ ጠረጴዛ
3:45–4:10 እጅ መታጠብና መክሰስ
4:10–4:50 ውጭ
4:50–5:05 ተረት
5:05–5:15 ፊደል ወይም ቁጥር
5:15–5:30 ዕቃ መሰብሰብ፣ መሸኘት

ምንጣፍ ላይ ከ15 ደቂቃ በላይ አታስቀምጡ፤ ለ3 ዓመት ልጅ 8 ደቂቃም ብዙ ነው። ልጆቹ መጎነታተል ሲጀምሩ ጥፋቱን ከሥነ ምግባራቸው አትፈልጉ፤ ሰዓቱ አልፏል ማለት ነው። የሚረሳው ሌላው ነገር የመሸጋገሪያ ጊዜ ነው። 40 ልጅ በአንድ ቧንቧ እጅ ለመታጠብ ከ20 ደቂቃ በላይ ይወስዳል። በቡድን እየጠራችሁ ላኩ፤ የቀሩት እንቆቅልሽ ይጫወቱ፦ "እንቆቅልህ?" "ምን አውቅልህ!" ወረፋው ራሱ የቋንቋ ትምህርት ይሆናል።

የዕለቱ ቅደም ተከተል ከሳምንት ሳምንት አይለወጥ። ይዘቱ ይለወጣል፣ መደቡ አይለወጥም። ሰዓት የማያነብ ልጅ ከመክሰስ በኋላ ውጭ እንደሚወጣ ማወቁ ያረጋጋዋል።

ፊደል በሳምንት ስንት?

እዚህ ላይ በሒሳብ እንጀምር። 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ቅርጽ ነው። በዓሉ፣ ዝናቡ፣ ፈተናው ተቀንሶ በእርግጥ የሚሠራበት ከ36 ሳምንት ብዙም አይበልጥም። ሁሉም በአንድ ዓመት ይለቅ ከተባለ በሳምንት ከስድስት ቅርጽ በላይ ይደርሳል፤ የሚያወጡት በዜማ የሸመደዱ ብቻ ናቸው። ከአንደኛ ክፍል በፊት ሁለት ዓመት ስላለ ሁለቱንም ተጠቀሙ።

በመጀመሪያው ዓመት ግዕዙን ብቻ፣ በሳምንት አንድ። ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐና ፀ በአማርኛ ድምፃቸው ከሌሎቹ ስለማይለይ ለኋላ ይቆዩ። 28 ፊደል ይቀራል፤ 28 ሳምንት ለአዲስ፣ 8 ሳምንት ለክለሳ። ሰና ሸ፣ ተና ቸ፣ ነና ኘ፣ ደና ጀ፣ ዘና ዠ፣ ጠና ጨ በተከታታይ ሳምንት አይምጡ። የሚለያቸው ትንሽ ምልክት ናት፤ የመጀመሪያው ሳይጸና ሁለተኛው ከመጣ ሁለቱም ይጠፋሉ። ቢያንስ የሦስት ሳምንት ልዩነት ይኑር።

በሁለተኛው ዓመት ወደ ጎን ይኬዳል። ካዕብ፣ ሣልስና ኀምስ በአብዛኛው የምልክታቸው ቦታ አንድ ዓይነት ስለሆነ ልጆች ቶሎ ይነቃሉ፤ ሉ፣ ሙ፣ ቡ ያየ ልጅ ቱን ራሱ ይገምታል። ሳድስ ግን እንደየፊደሉ ይለያያል፤ ልጆች አዘውትረው የሚሳሳቱት እዚያ ነው። ስለዚህ ለሳድስ የካዕብን እጥፍ ሳምንት መድቡለት።

የግድግዳ ሥዕሎችን ተጠንቀቁ። "በ" ከሚለው ጎን ቡና፣ "ለ" ከሚለው ጎን ሎሚ የተሳለበት ፖስተር በየቦታው አለ። ቡና የሚጀምረው በ"ቡ" ነው። ልጁ ጆሮው የሚሰማውና ዓይኑ የሚያየው አልገጠመም፤ ከዚያ "አይገባውም" ይባላል። ለ"በ" በግ፣ በሬ፣ በቆሎ፣ በር፣ ለ"ቀ" ቀሚስና ቀንድ፣ ለ"ሰ" ሰሃንና ሰዓት አሉ።

የአንድ ፊደል ሳምንት በቀን 10 ደቂቃ ይበቃዋል። ሰኞ ድምፁና ዕቃው፣ ማክሰኞ በአሸዋ ሳህን ላይ በጣት፣ ረቡዕ በጨዋታ ሊጥ ቅርጹን ማበጀት፣ ሐሙስ ክፍሉ ውስጥ የተደበቀ ካርድ ፍለጋ፣ አርብ ካለፉት ጋር ቀላቅሎ መለየት። የአርቡ መቀላቀል አይቀርም። የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን ከጥንት ያውቁታል፤ ሀሁን በዜማ የወጣው ልጅ በእርግጥ ፊደሉን መለየቱን የሚያዩት ቅደም ተከተሉ በተበረዘው በአቡጊዳ ነው፦ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። እኛም ካርዶቹን እንበውዛለን እንጂ ሐሳቡ የእነሱ ነው።

እርሳስ መቼ ይያዙ?

ጣቶቻቸው ሲጠነክሩ። ከዚያ በፊት ጭቃ ማድቦልቦል፣ ወረቀት መቅደድ፣ የልብስ መቆንጠጫ በካርቶን ጠርዝ ላይ መሰካት፣ እርጥብ ጨርቅ መጭመቅ ይቀድማሉ። አንድ ጠቃሚ ዘዴ፦ ረጅም ጠመኔ አትስጡ። ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር የሆነ ስባሪ በጡጫ ስለማይያዝ ልጁ ሳይታዘዝ በሦስት ጣት ይይዘዋል። ስባሪ ጠመኔ የሚጥሉ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ሊሰበስቡላችሁ ይችላሉ።

ቁጥር?

እስከ 100 መቁጠር ዘፈን ነው። "አምስት የጠርሙስ ክዳን ስጠኝ" ሲባል አምስት ቆጥሮ የሚያቆም ልጅ ነው ቁጥር ያወቀ። በመጀመሪያው ዓመት እስከ 5፣ ቀስ ብሎ እስከ 10፤ ከዚያ አልፋችሁ አትሩጡ። ለሳምንቱ የተለየ ሰዓት ባይገኝም መክሰስ ማደል፣ ወንበር መቁጠር፣ ሰኞ ማክሰኞ መጫወት ቁጥር ናቸው።

ክፍሌ ውስጥ 60 ልጅ አለ፤ ረዳት የለኝም። ይህ ሁሉ ለእኔ ይሠራል?

ይሠራል፤ ግን ሁሉንም በየቀኑ ለማዳረስ መሞከር መተው አለበት። 60ውን በ12 ለአምስት ቡድን ክፈሉ፤ ስም ስጧቸው፣ ለምሳሌ በእንስሳ ወይም በቀለም። በ2:55ቱ ክፍለ ጊዜ መምህርቷ ጠረጴዛ ላይ በቀን አንድ ቡድን ብቻ ይቀመጣል። ሰኞ ቀይ፣ ማክሰኞ ቢጫ፣ እያለ አርብ ላይ ሁሉም ተዳርሰዋል። 12 ልጅ ለ25 ደቂቃ በቅርብ ማየት ማለት ነው፤ 60 ልጅ ሰሌዳ ላይ እያዩ ከሚጮኹበት አንድ ሳምንት ይበልጣል።

የቀሩት አራት ቡድኖች የሚሠሩት ከዚህ በፊት በደንብ የሚያውቁትን ብቻ ነው፦ ክዳን መደርደር፣ እቃ እቃ፣ ካርቶን መገንባት፣ በጠመኔ ትንሽ ሰሌዳ ላይ መሣል። ዋናው ደንብ ይህ ነው፦ አዲስ ሥራ በአንድ ቀን በአንድ ቦታ ብቻ፣ እሱም መምህርቷ ባለችበት። ሰኞ ጠዋት አራቱም ጥግ ላይ አዲስ ነገር ከተዘረጋ ከየአቅጣጫው "ቲቸር! ቲቸር!" ይጀመርና ዕቅዱ 3:10 ላይ ያልቃል። ለዚህም ነው የዓመቱ የመጀመሪያ ሦስት ሳምንታት ትምህርት የሚሆነው ጥጉን መልመድ፣ ዕቃ መመለስ፣ ቦታ መለዋወጥ ብቻ መሆን ያለበት። መስከረም የጠፋ የሚመስለው ጊዜ ኅዳር ላይ ይመለሳል።

ዕቃ መግዣ በጀት የለንም።

የውሃ ጠርሙስ ክዳን፣ የእንቁላል ካርቶን፣ የጫማ ሳጥን፣ ጨርቅ፣ አሸዋ፣ የተላጠ የበቆሎ አገዳ። የብረት ቆርኪ ጠርዙ ስለሚቆርጥ የፕላስቲኩን ምረጡ። ባቄላና ሽምብራ ለመቁጠር ይመቻሉ፤ ግን አፍንጫና ጆሮ ውስጥ ይገባሉ፣ እርጥበት ሲያገኙም ያብጣሉ። ሰጥታችሁ ከሆነ ቆጥራችሁ ስጡ፣ ቆጥራችሁ ተቀበሉ። ከ3 ዓመት በታች ልጅ ካለ በሶፍት ወረቀት እምብርት ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ማንኛውም ዕቃ፣ ክዳኑም ጭምር፣ አይቀርብ።

ረቡዕ ላይ ዕቅዱ ቢፈርስስ?

ይፈርሳል። ዝናብ ይመጣል፣ መብራት ይጠፋል፣ መምህርት ትታመማለች። ሁለት ነገር አስቀድማችሁ አዘጋጁ። አንደኛ፣ የሳምንቱ ዋና ነገር ከሰኞ እስከ ሐሙስ ይለቅ፤ አርብ ትርፍ ቀን ነች። ሁለተኛ፣ "የዝናብ ሳጥን" ይኑር፦ የተዘጋጀ ተረት፣ ገመድ፣ አሮጌ መሐረብ፣ ካርዶች። ማንም ተተኪ ከፍቶ ለ40 ደቂቃ ሊጠቀምበት ይችላል።

ልጆቹ ራሳቸው ሲያፈርሱት ደግሞ ሌላ ነው። ስለ እንጀራ ልታወሩ ስትሉ መስኮቱ ላይ ጉንዳን ተሰልፎ ከሆነ፣ ጉንዳኑን እዩ። ገጹ ላይ "ጉንዳን፣ 20 ደቂቃ" ብላችሁ ጻፉ። ሱፐርቫይዘር ከጠየቀ መልሱ እዚያው አለ፤ የተጻፈ ለውጥ ዕቅድ ነው፣ ያልተጻፈ ለውጥ ግን ቸልተኝነት ይመስላል።

ወላጆች "ደብተሩ ባዶ ነው፣ ልጄ ዝም ብሎ ነው የሚጫወተው" ይላሉ። ምን እንበል?

ቅሬታቸው ከቦታው ነው፤ ከፍለዋል ወይም ተስፋ አድርገዋል፣ የሚያዩት ነገር ግን የለም። ክርክር አይጠቅምም፤ የሚታይ ነገር ስጧቸው። አርብ አርብ በቴሌግራም ወይም በቁራጭ ወረቀት ሦስት መስመር ይሂድ፦ ምን ሠራን፣ ምን አዲስ ቃል ተማርን፣ ልጁን ምን ይጠይቁት። ሦስተኛው መስመር ትልቁ ነው። "ዛሬ ምን ተማርክ?" የተባለ ልጅ መልሱ "ምንም" ነው። "ሊጡ እስከየት ደረሰ? ለምን ኩፍ አለ?" ከተባለ ግን አፉን ይዘው አያስቆሙትም።

የእንግሊዝኛው ጥያቄም ከዚሁ ጋር ይመጣል። በዘፈንና በሰላምታ በቀን 10 ደቂቃ አይጎዳም። ልጁ ቤቱ በሚናገረው ቋንቋ "ከላይ" እና "ከታች" የሚለውን ሳይለይ በሌላ ቋንቋ ቀለም ማስሸምደድ ግን ሰዓት ማባከን ነው።

በውጭ አገር ቅዳሜ ብቻ ለምናስተምር ይህ ይሆናል?

ሁለት ሰዓት ብቻ ስላላችሁ ሳምንቱን ቤት ውስጥ ዘርጉት። በዋሽንግተን አካባቢም ሆነ በቴል አቪቭ የጤፍ ዱቄት ይገኛል፤ ማሰሮው ቅዳሜ ክፍል ውስጥ ይቦካና አንድ ቤተሰብ ይዞት ይሄዳል፣ በየቀኑ ፎቶ ወደ ግሩፑ ይልካል። እነዚህ ልጆች አማርኛ ይሰማሉ፣ ሲመልሱ ግን በሌላ ቋንቋ ነው፤ ስለዚህ የቅዳሜው ዓላማ ፊደል ከመሆኑ በፊት ሙሉ ዓረፍተ ነገር ማናገር ይሁን። አንድ ፊደል ለሁለት ቅዳሜ ይቆይ። ለአያቶች ደግሞ በስልክ እንዲደውሉ የቤት ሥራ ስጧቸው፦ "እማማ፣ አብሲት ምንድን ነው?"

ምልከታ በምን እንያዝ? ጊዜ የለንም።

ከአንገታችሁ የሚንጠለጠል ትንሽ ማስታወሻና እርሳስ። በቀን አራት ልጅ ብቻ፣ ለየልጁ አንድ መስመር፣ ያዩትን እንጂ የገመቱትን ሳይጨምሩ። "ሰነፍ ነው" ምልከታ አይደለም፤ "ሦስት ክዳን ቆጠረ፣ አራተኛውን ሁለቴ ነካ" ምልከታ ነው። በአምስት ቀን 20 ልጅ ይሆናል፤ 60 ያላችሁ በሦስት ሳምንት ታዳርሳላችሁ። ስሞቹን ሰኞ ጠዋት በቅድሚያ ጻፏቸው። አለዚያ የሚጻፈው ስለሚረብሹትና ስለ ጎበዞቹ ብቻ ነው፤ ዝም ብላ ጥግ የምትቀመጠው ልጅ እስከ ሰኔ ድረስ አንድም መስመር አይኖራትም።